በቆዳ የተሰፋው ጥላ

ትናንት ከሰዓት በኋላ አንዲት ልጅ ከባጃጅ ወርዳ ደጄ ላይ ስትቆም ከእሷ ቀድሞ ቤት የገባው ሽታ ነው። የኮምጣጤ ሽታ። «ቅራሪ ይዘሽ ነው የመጣሽው?» አልኳት፣ ሰላምታዋን እንኳ ሳልቀበል። አፈር አለችና መዳፏን ዘረጋችልኝ። የአውራ ጣት የሚያህል፣ ወዙ ያለቀ፣ ጠፍሩ የተበጠሰ የቆዳ ክታብ ይዛለች። «የአያቴ ነው፣ የአያ ፈንታ። አንገታቸው ላይ እንዳለ ነው የሞቱት። ዘንድሮ መሽተት ጀመረ። እማማ ስንዱ ያውቁበታል፣ ወስደሽ አስጠርጊው አሉኝ።» አስጠርጊው አሏት፤ እንደ ጫማ። «ከፍተሽው ታውቂያለሽ?» አልኳት። «ኧረ እንዴት ተደርጎ» ብላ ወደ ኋላዋ አፈገፈገች። እዚያ ውስጥ ምን እንዳለ እኔ ከቤተሰቧ ሁሉ አብልጬ አውቃለሁ። ጸሎት የለበትም። ያለበት የፎቶ ፊልም ነው፣ ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ እንደ ስንዴ አገዳ የቀጠነ። ፊልም ሲያረጅ እንደ ጠላ ይቆመጥጣል፤ ይህን ያወቅሁት አሮጌ ፊልሞቼን ከማስቀምጥበት የብስኩት ጣሳ ነው። ሽታው አፍንጫዬን ሲወጋኝ ልጅቷን ረሳኋትና ንዴቴ መጣ፣ የዚያን ጊዜው ንዴት፣ ትኩሱ።

አጎቴ አያ ዘለቀ ፎቶ ቤቱን የከፈተው ወረታ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከጎንደሩ መንገድ በሚለይበት ማዕዘን ላይ ነበር። ዛሬ እዚያ ቦታ የስልክ ሽፋን የሚሸጡ ልጆች ተደርድረዋል፤ ባጃጁም በሩን ዘግቶ ይቆማል። ያኔ ማዕዘኑ ላይ የሚቆመው የጭነት መኪና ነው፤ ሾፌሩ ወርዶ ፊቱን እስኪታጠብ ድረስ ከተማው በሙሉ ይከበዋል። ፊት ለፊት ቡና ቤት ነበር። ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ይዘፍናል፤ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙም አብሮ ይደክማል። የአያ ዘለቀ ቤት አንድ ክፍል ናት፤ ከኋላዋ አልጋ የምታህል ጨለማ ክፍል አለች። ከግድግዳው ላይ የተዘረጋውን መጋረጃ የሣለው ቤተ ክርስቲያን የሚሥል ሰው ነበርና፣ የአትክልት ቦታ ሥራልኝ ቢሉት የሚፈልቀው ውኃ የመልአክ ጸጉር መሰለ፤ ከሥሩ ያሉት ሁለት እርግቦችም እንደ ጻድቃን ዓይናቸው ፈጠጠ። አንድ ፎቶ ሃምሳ ሳንቲም ነበር፣ ዶሮ በብር በምትገዛበት ዘመን። ኮት ከተዋሳችሁ ግን ዋጋው አይጨምርም፤ አያ ዘለቀ በዚህ ይኮራል።

ኮቱን ልናገረው። ከአንድ ሾፌር የተገዛ ግራጫ ኮት ነው፣ ሰፊ፣ ትከሻው እንደ ጎተራ ክዳን የወጣ። መካከለኛው ቁልፍ ወልቋል። ቁልፍ ግዛ ብለው አልገዛ አለ፤ ይልቅ እያንዳንዱን ሰው «ቀኝ እጅህን እዚህ ላይ አድርግ» ይለዋል። ስለዚህ በዚያ ዘመን የተነሳ የፎገራ ወንድ ሁሉ፣ ሙሽራም ይሁን ጭቃ ሹም፣ ያው አንድ ኮት ለብሶ ሆዱን እንደታመመ ሰው እጁን ቁልፉ ቦታ ላይ አድርጎ ይታያል። ከገበያ የሚመለሱ ልጃገረዶች ሲያልፉ እንዲህ እያሉ ያሾፉበት ነበር፦

ፎቶ አንሺው ዘለቀ ያንተ ነገር ጉድ ነው፣
ኮትህ አገር ሞላ ባለቤቱ ማን ነው።

እኔ ያኔ ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ የተመለስኩ ነኝ። ጉልበት ላይ የሚቀር ቀሚስ፣ በእጅ የተሠራ ቢጫ ሹራብ፣ ምላስ ደግሞ ከሁለቱም የረዘመ። የአስተማሪነት ምደባ እጠብቃለሁ፤ ዓመታት አልፈውም ምደባው አይመጣም። ከወረታ የሚወጣ መኪና ባየሁ ቁጥር እግሬን ይበላኛል። አያ ዘለቀ ደግሞ የሚጽፍለትና የሚያጥብለት ሰው ፈለገና ያዘኝ። ሥራው አላስቸገረኝም። ያበሳጨኝ ሰዉ ነው። ፎቶውን ከሰጠኋቸው በኋላ አይሄዱም፤ ይቆማሉ።

«ጥላዬስ?» ይለኛል አንዱ።

«ፎቶህ ይኸው፣ ምን ጎደለ?»

«እሱማ መልኬ ነው። ጥላዬን ነው ያልኩሽ፣ ያቺን ጥቁሯን።»

ኔጋቲቩን ነው፣ ፎቶው የሚታተምበትን ጥቁር ፊልም። «እዚህ ብትቀመጥ ሌላ ጊዜ ትታጠብልሃለች። ቤትህ ብትወስዳት ትበላሻለች።»

«የኔ ጥላ በሰው ሳጥን አያድርም። ተቆጥተሽ ብትረግጫትስ? አንቺ ደግሞ የምትቆጪ ነሽ።»

«ጥላ አይደለም፣ ብርሃን ነው። ብርሃን በመስታወቱ ገብቶ ነው የሚያርፍበት።»

«ብርሃን ከሆነ ለምን ጠቆረ?»

ለዚህ መልስ ነበረኝ፤ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ቢኖር ኖሮ። አያ ዘለቀ ግን ከጨለማው ክፍል ሆኖ «ስጪው፣ ስንዱ። ጥላው የራሱ ነው» ይለኛል። ሰውየው ተቀብሎ፣ እዚያው ደጃፉ ላይ በምራቁ አርጥቦ፣ በሁለት ጣቱ ጥብቅ አድርጎ ይጠቀልለዋል። ከዚያ ገበያ ዳር ቆዳ የሚሰፉት ዘንድ ይወስድና በስሙኒ በክታብ አሰፍቶ አንገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል። ፊልም መዘርጋትና መድረቅ እንዳለበት የማስተማር ሙከራዬን ቢቆጥሩት ግማሽ ዕድሜዬ ነው። ማንም አልሰማኝም። ዛሬም አይሰሙኝም።

አንድ ጥፋት ግን የራሴ ነው፣ እሱንም ልናገር። ፊልሙ ላይ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ነውና የሰው ፊት ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስላል። አያ ዘለቀ እያንዳንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ፣ ከሰውየው ፊት ጋር አስተያይቶ፣ እንደገና አንስቶ ነው የሚሰጠው። አንድ የገበያ ቀን እሱ ለቅሶ ሄዶ ብቻዬን ቀረሁ። ሰልፉ መንገድ ደርሷል፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ፎቶውን በመልካቸው አደልኩ፤ ጥላውን ግን እንደ ተራቸው እጃቸው ላይ አደረግሁና ሸኘኋቸው። ማን ያውቀዋል? አልኩ። እውነትም ለዓመታት ማንም አላወቀም።

ከዚያ እመት ውዴ መጡ። ከርብ ወንዝ ዳር ናቸው፤ ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር መቀነት፣ በግራ ዓይናቸው ላይ ወተት የመሰለ ሞራ። ከደረታቸው ክታብ አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። ልጃቸው ደሴ ፎቶ ከተነሳ በሁለተኛው ክረምት ከብት ሲያሻግር ርብ ወስዶታል። በሚቀጥለው ዓመት ክረምት ጎርፍ ቤታቸው ገብቶ ሳጥኑን አነሳና ፎቶውን ደግሞ ወሰደ። የቀራቸው ልጁ ራሱ አሰፍቶ አንገታቸው ላይ ያሰረላቸው ያ ጥላ ብቻ ነው።

«ግራ ዓይኔ ሄዷል» አሉኝ። «ቀኙም ጓዙን እየሰበሰበ ነው። ሳይሄድ ልጄን ልየው። መልኩ ከልቤ እየጠፋብኝ ነው፣ እቴ። አሁን አሁን ሳስበው የወንድሙ ፊት ይመጣብኛል።»

ልጁን አስታወስኩት፣ እንዴት አላስታውስ። ኮቱን አልለብስም ያለ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው። አያ ዘለቀ ቢለምነው «የሰው ቆዳ ውስጥ ገብቼ አልነሳም» ብሎ በቡልኮው ተነሳ፤ ሽመሉን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጁን በሽመሉ ላይ አንጠልጥሎ። ስፌቱን በምላጭ ቀደድኩና ፊልሙን አወጣሁ። እንደ ሽቦ ደርቋል። ጫፉን ይዤ ልስበው ስል እጄን ያዙኝ፤ አያያዛቸው ያምማል።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልዘረጋው ነዋ።»

«በደረቁ?»

ጫፉን ለቀቅሁ። ባለፈው ወር የአንድ ሙሽራ ፊልም በደረቁ ስቤ ፊቱን ከግንባሩ እስከ አገጩ ሰንጥቄበት ነበር። አያ ዘለቀም ከዚያ ወዲህ ምላጬን ባየ ቁጥር ይስላል።

«ትምህርት ቤት ይህን አላስተማሩሽም?» አሉ እመት ውዴ። «ደረቅ ቁርበት በጉልበት የሚዘረጋ ማን አለ? ይሰነጠቃል። ውኃ ውስጥ ብትዘፈዝፊው ደግሞ ይላጣል። ወዙ ነው እንጂ የሚመልሰው፣ የእንፋሎት ወዝ። ለዓይኔ ወንዛዬ ልታጠብ ነው የምሄድ። ተነሺ፣ አብረን እንሂድ።»

ፎቶ ቤት ትቼ ፍል ውኃ ልሄድ። እምቢ አልኩ። አያ ዘለቀ «ተከትለሽ ሂጂ፤ የሰው ልጅ በእጅሽ አለ» አለና ነገሩ አለቀ። እስከ መገንጠያው በጭነት መኪና፣ ከኋላ ከጨው ጆንያ ላይ፣ ከዚያ በእግር። ስምንት ቀን በቅጠል ጎጆ ውስጥ አደርን። በሶ በላሁ፣ ቆሎ በላሁ፣ ጭቃ ረገጥኩ፣ የማላውቃቸው ሴቶች ጉልበታቸውን እያሳዩ በሽታቸውን ነገሩኝ። እመት ውዴ ፊልሙን ትንሽ ሙዳይ ውስጥ አኑረው፣ ሙዳዩን ከምንጩ ራቅ ካለ ዛፍ ላይ፣ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ በሚያልፍበት ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሉት። እኔ ቶሎ እንዲለሰልስ ብዬ ወደ ምንጩ ላስጠጋው ስል ከውኃው ውስጥ ሆነው «ተይ። ቆዳ በሙቅ ውኃ ይኮማተራል» አሉኝ። አንዱ ዓይናቸው ጠፍቷል ይባላል፤ ጀርባ ላይ ሌላ ነበራቸው መሰለኝ። ከብዙ ዘመን በኋላ የፊልም ልባስ ከከብት ቆዳና አጥንት እንደሚቀመም ስሰማ ብቻዬን ተናደድኩ። ከብት አርብተው የኖሩት ሴትዮ ማንም ሳይነግራቸው አውቀውት ነበር፤ እኔ አሥራ ሁለተኛ የጨረስኩት ግን በጥፍሬ ልስበው።

በአምስተኛው ቀን ጥቅልሉ በራሱ ጊዜ ግማሽ ከፈት አለ፣ ጠዋት እንደሚከፈት ቅጠል። ልይ ስል «ሳይደርቅ አይታይም» ተባልኩ። ከደብተሬ ባወጣሁት ቀለም መጣጭ ወረቀት መካከል አስገባነው፤ በሁለት ጣውላ አስረን ወረታ አመጣነው፤ ጣውላውን ጠረጴዛ ላይ አጋድመን መጅ ጫንንበት። ዘጠኝ ቀን። ወረቀቱን በየሁለት ቀኑ እቀይራለሁ፣ ፊልሙን በዳር በዳሩ ብቻ እይዛለሁ፣ ቀና ብዬም አላየውም፤ ቃል ስላስገቡኝ። እንዲህ ያለ መታገሥ ከዚያ በፊት አልነበረኝም፤ ከዚያ በኋላም ብዙ አልቆየልኝም።

በዘጠነኛው ቀን እመት ውዴ በርጩማው ላይ ተቀምጠው እያሉ መጁን አነሳሁ። ፊልሙ ልጥፍ ብሎ ተኝቷል፣ ጭረት የለበትም። ኩራቴን ተዉት። ወደ መስኮቱ አነሳሁት። ኮት ለብሷል።

ሰፊ ትከሻ፣ ሆድ ላይ ያረፈ እጅ። አያ ዘለቀም ከኋላዬ ሆኖ አየው። ያ የገበያ ቀን፣ ያ ሰልፍ፣ ያ ፀሐይ መጣብኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ምን ብሎ እንደሚያለዝበው አላውቅም፤ እኔ ማለዘብ አልችልበትም።

«እመት፣ ይህ ደሴ አይደለም» አልኩ። «የሌላ ሰው ነው። ያቀያየርኩት እኔ ነኝ። ሰልፉ አታክቶኝ ሳላይ ነው የሰጠሁት።»

ለረጅም ጊዜ መቀነታቸውን ሲያጠብቁ አየኋቸው። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት አንገቴ ላይ ያለው ማን ነው?»

አያ ዘለቀ ፊልሙን ገልበጥ አድርጎ አየ። «ይህ ጆሮ የፈንታ ነው። ከርብ ማዶ ያለው፣ ጥጃ የሚነግደው፤ ከደሴ ቀጥሎ ነው የተነሳው።»

«በሕይወት አለ?» አሉ፣ መጀመሪያ የጠየቁት ይህንን ነው።

«አለ። ባለፈው ገበያ አይቼዋለሁ።»

«እንግዲያው የኔ ልጅ እሱ ዘንድ ነዋ» አሉና ተነሱ።

ፈንታን ከብት ተራ አገኘነው። ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ጆሮው እንደ ሰፌድ የተዘረጋ፣ ቀልደኛ ሰው። ክታቡን እንዲከፍትልን ስንነግረው ቀልዱ ቆመ። «አልከፍትም። ይህን ካሰርኩ ወዲህ ርብ ሲሞላ የበሬ ጭራ ይዤ ስንቴ ተሻግሬያለሁ። ጥላዬ ነው ያዳነኝ።»

«ያንተ ጥላ አይደለም» አልኩት። «ርብ የወሰደው ልጅ ነው።»

አያ ዘለቀ ክንዴን ቆነጠጠኝ፤ ቀድሜ ተናግሬያለሁ። የፈንታ ፊት አመድ ሆነ፤ እጁ አንገቱ ላይ ሄደና ጠፍሩን ያዘ፣ በጥሶ ሊወረውረው። እመት ውዴ ቀረብ ብለው እጁን በሁለት እጃቸው ሸፈኑት።

«እንዳትጥለው፣ የኔ ዓለም። ልጄ ነው። መልኩን አይቼ እመልስልሃለሁ።»

«ልትመልሱልኝ?»

«እመልስልሃለሁ።»

ፈንታ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ በራሱ እጅ ፈታው። ይህን ጊዜ ወንዛዬ መሄድ አላስፈለገንም። ድስት ለብ ባለ ውኃ ሞላሁ፣ በላዩ ወንፊት አስቀመጥኩ፣ ፊልሙን ወንፊቱ ላይ አጋድሜ ከደንኩት። በየጠዋቱ በጣቴ ጀርባ እዳስሰዋለሁ፤ ሲለሰልስ መጣጩ ወረቀት፣ ከዚያ መጁ፣ ከዚያ ሌላ ዘጠኝ ቀን። ገበያ በመጣ ቁጥር ፈንታ በር ላይ ይቆምና «ደህና ነው?» ይለኛል፣ የታመመ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው። አንገቱ ባዶ ሆኖ ርብን አልሻገርም ብሎ ወረታ ዘመድ ቤት ነው የሰነበተው። ጥጃው ገበያ አለፈው፤ ሚስቱም እኔን ሰደበችኝ፣ እንደኔ ዓይነት ምላስ ነበራት።

ያጠብኩት ጠዋት ነው። በቀዩ መብራት ሥር ወረቀቱ መድኃኒቱ ውስጥ ሲዋኝ መጀመሪያ ሽመሉ ወጣ፣ ቀጥሎ የተንጠለጠሉት እጆች፣ ቀጥሎ ቡልኮው፣ መጨረሻ ላይ ፊቱ፤ በአያ ዘለቀ ኮት ሊስቅ አፉን የከፈተ ልጅ። አድርቄ፣ ፈንታም በር ላይ ቆሞ እያለ፣ ለእመት ውዴ ሰጠኋቸው። ወደ ቀኝ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አስጠጉት፣ አፍንጫቸው ወረቀቱን እስኪነካ። ከዚያ ትንሽ ዘንበል አደረጉት።

«ይህችን ጥርሱን» አሉ ቀስ ብለው፤ አንዷ ጥርሱ በሌላዋ ላይ ወጥታለች። «ይህችን ረስቻት ነበር እኮ።»

አያ ዘለቀ ወደ ጨለማው ክፍል ገባና በሩን ዘጋ። እኔ ማልቀስ ስለማልወድ ማስተማር ጀመርኩ። ሁለቱን ፊልሞች ለየብቻ በንጹሕ ወረቀት አጥፌ፣ ላዩ ላይ ስም ጽፌ አዘጋጅቼ ነበር። ተዘርግቶ ይቀመጥ፣ አልኩ። ደረቅ ቦታ፣ ቀዝቃዛ ቦታ፤ ምራቅ አይንካው፤ ቆዳ ውስጥ አይግባ፤ ከሁሉ በላይ አይጠቅለል። ሁለቱም አንገታቸውን ነቀነቁ፣ በጥሞና። ከዚያ ፈንታ የራሱን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ እመት ውዴ «የራስህን አትውሰድ» አሉት።

«ልጅዎን ለኔ?»

«ቃሌ ነው። የኔ ልጅ ብቻውን ርብን መሻገር አቃተው። ካንተ ጋር ስንቴ ተሻገረ። ከመንገዱ አላስቀረውም። ያንተን ደግሞ እኔ ይዤልህ፣ ይኸው አልሞትክም። እንደያዝነው እንያዝ።»

ፈንታ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ከዚያም ሁለቱ፣ እኔ እያየሁ፣ ዘጠኝ ዘጠኝ ቀን በመጅ ሥር ያስተኛኋቸውን ፊልሞች ከወረቀቱ አወጡና በምራቃቸው አርጥበው ጥብቅ አድርገው ጠቀለሏቸው። «እመት» ብዬ ጮህኩ። «ምነው፣ እቴ? ፎቶው አለኝ እኮ» አሉኝ። ሄዱ፣ ቀጥታ ቆዳ ሰፊዎቹ ዘንድ።

ምደባዬ በዚያው ዓመት መጣና ወረታን ለቀቅሁ። እመት ውዴ በሦስተኛው ዓመት ዓይናቸው ጨርሶ ጠፋ፤ ፎቶውን በጣታቸው ይዳስሱት ነበር አሉ። ሲሞቱ እኔ ሩቅ ነበርኩ። ስመለስ ማዕዘኑ ላይ ሌላ ሱቅ ነበር፤ ኮቱም ከአያ ዘለቀ ጋር ሄዷል። ፈንታ ግን አርጅቶ፣ አልጋው ላይ ነው የሞተው፤ ርብ አላገኘውም።

ይህን ሁሉ ስነግራት ልጅቷ ቁጭ ብላ ሰማችኝ፣ ስልኳን ሳታይ። ከዚያ ምላጬን አወጣሁና ስፌቱን ፈታሁ። ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። ጥቅልሉ ካሰብኩት ወፍራም ነው። መነጽሬን አደረግሁና ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። ሁለት ፊልም ነው፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ተጠቅልሎ። ፈንታ በእመት ውዴ ቀብር ቀን የራሱን ጥላ ከአንገታቸው ፈትቶ ከደሴ ጋር አብሮ አሰፍቶት መሆን አለበት። ለማንም አልነገረም። ተጣብቀዋል፣ ልባሱ አረፋ ማውጣት ጀምሯል፤ ከዘገየሁ ሁለቱም ይጠፋሉ።

«የትኛው ነው አያቴ?» አለች ልጅቷ።

«ሲላቀቁ ኮት የለበሰው ነው። አስጠንቅቄሻለሁ፣ ሆዱን የታመመ ይመስላል።» ይህን ጊዜ ግልጽ ልናገር ብዬ ጣቴን ቀሰርኩባት። «ስሚኝ። ለየብቻ በወረቀት አደርግልሻለሁ። ተዘርግተው ይቀመጣሉ። በስልክሽም ታነሻቸዋለሽ። ገባሽ?»

«ገብቶኛል፣ እማማ።» የተፈታውን ክታብ አነሳች። «ከዚያ ግን እንደነበሩ አብረው ይጠቅለሉልኝ። ወንድሜ ክረምት ላይ ርብ ማዶ ነው የሚሠራው።»

ድስቱን ለብ ባለ ውኃ ሞልቼ ወንፊቱን አስቀመጥኩበትና ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነይ አልኳት።